ክብራን ገብርኤልና አንዲት "የስ"፦ የአንድ ተማሪዬ ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቃል ነው። 2010 ዓ.ም ጥቅምት ውስጥ፣ ባህር ዳር ጀልባ መነሻው ጋ እቃ እያወረደ፣ ለጀልባ ነጂዎች እየተላላከ፣ እንግዳ ሲመጣ እየጠራ የሚውል አንድ ልጅ ነበር፣ ሃያ አንድ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቀን አንዲት የውጭ አገር ሴትዮ መጥታ ማዶ የሚታየውን ክብራን ገብርኤልን በጣቷ እያሳየች "ካንት ዊመን ጎ ዜር?" አለችው። ሴቶች እዛ መሄድ አይችሉም ወይ ማለቷ ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም ነው፣ ልጁም ይሄን አሳምሮ ያውቃል፣ እና "የስ" አላት። አዎ፣ አይችሉም ማለቱ ነው። እሷ የሰማችው ግን "ይችላሉ" ሚለውን ነው። ጀልባ ተኮናተረች፣ ሄደች፣ ደሴቱ ዳር ስትደርስ አይቻልም ተብላ ተመለሰች። ልክ እንደወረደች ልጁን ፈልጋ ሰው በተሰበሰበበት "ላየር" አለችው።

የቃሉን ትርጉም ማታ ነው ሰው ጠይቆ ያወቀው። ውሸታም። በነጋታው ሽምብጥ አካባቢ ቤቴ ድረስ መጣ፣ እኔ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ ከተማሪዎቼ አንዱ ነው የላከው። ቁጭ ሳይል "መምህር፣ እኔ አልዋሸሁም። አዎ አይችሉም ነው ያልኳት። አዎ ማለት የስ አይደለም ወይ?" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ፈቅዶልኝ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ስሙን ግን አልጠራም፣ ዲያቆኑ እያልኩ ልቀጥል።

ብዙ ዓመት ሳስተምር ይሄን ያህል ጥርት ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ምክንያቱም ልጁ ልክ ነው። በአማርኛ "አልበላህም?" ስትባል "አዎ፣ አልበላሁም" ትላለህ፣ አዎው የጠያቂውን ሐሳብ ነው የሚያፀድቀው፣ "እንዳልከው ነው" እንደማለት። እንግሊዝኛ ላይ ግን "የስ" እና "ኖ" ወደ ጠያቂው ዞረው አያዩም፣ ወደ ራስህ ግስ ነው ሚያዩት። ከኋላቸው የሚመጣው ግስ አዎንታ ከሆነ የስ፣ አሉታ ከሆነ ኖ፣ ጥያቄው በምንም መልክ ቢመጣ። ስለዚ መልሱ "ኖ፣ ዘይ ካንት" ነበር መሆን ያለበት። "የስ፣ ዘይ ካንት" የሚባል ነገር ለእንግሊዝኛ ሰሚ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ነው። ይሄን ነገር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምረው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎችም ይሳሳቱታል፣ ክፍል ውስጥ ግን ስህተቱ ዋጋ ስለማያስከፍል ማንም ልብ አይለውም። ይሄ ልጅ ግን ሰው ፊት ተዋርዶበታል።

ስለ ልጁ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሆነው ሁሉ ከዛ ጋር የተያያዘ ነው። ደብረ ኤልያስ አካባቢ ቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆይቷል፣ ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ የተማረ የቆሎ ተማሪ ነው። ከዛ ወደ ባህር ዳር መጥቶ ቀን እየሰራ በማታ ትምህርት ዘመናዊውን ተከታተለ። ግዕዝ ያውቃል፣ ግስ ያውቃል፣ እርባታ ያውቃል፣ ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለ ሁለት መስመር ቅኔ ይቀኛል። እንግሊዝኛው ግን "ጉድ ሞርኒንግ" እና "ቦት? ቦት?" ነው ማለት ይቻላል። ዓላማው ደግሞ ግልፅ ነው፣ አስጎብኚ መሆን ይፈልጋል። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ታሪካቸውን ያውቃቸዋል፣ ግን ለእንግዳ መንገር አይችልም፣ ሆዱ ውስጥ ታፍኖ ያለ እውቀት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማታዎች አባከንኳቸው። እንደለመድኩት የቴንስ ሰንጠረዥ ሰጠሁት፣ አስራ ሁለቱን በሙሉ። በሁለት ሌሊት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞት መጣ፣ ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲንየስ ስለው ያለ አንዳች ግድፈት ይለዋል። ከዛ "እስቲ ትናንት የሰራኸውን ንገረኝ" ስለው ዝም። በቃ ዝም። ያኔ ነው የገባኝ፣ እኔ እየሰጠሁት ያለሁት እሱ ቀድሞም የሞላለትን ነገር ነው። ልጁ የማስታወስ ችግር የለበትም።

አራተኛው ማታ ላይ ዘዴውን ቀየርኩ። እንደፈለክ እየተሳሳትክ የክብራንን ቀን በእንግሊዝኛ ንገረኝ አልኩትና ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዛ አብረን እየሰማን ያለውን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ደብተር ላይ ጻፍነው፣ ከእያንዳንዱ ስር ደግሞ "ይሄን ስትል በልብህ የነበረችው አማርኛ የትኛዋ ናት?" እያልኩ አማርኛውን አስጻፍኩት። ያ ደብተር አሁንም አለኝ። ስህተት ብዬ በቀይ ልሰርዘው የነበረው ነገር ግማሹ ትክክለኛ አማርኛ ሆኖ ነው የተገኘው።

ለምሳሌ እንዲህ ብሏል፦ "ኢን ዘ ሞርኒንግ ዋሺንግ ማይ ፌስ ድሪንኪንግ ቲ ጎይንግ ቱ ዘ ሌክ አይ ሃቭ ሲን ኸር የስተርደይ።" ከስሩ የጻፈው፦ "ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ሻይ ጠጥቼ ወደ ሐይቁ ሄጄ ትናንት አይቻታለሁ።" ለምን "ኢንግ" ትደረድራለህ ስለው የመለሰልኝን አልረሳውም፣ "ቦዝ አንቀጽ ነው መምህር፣ ቀቲሎ ማለት ነው፣ ሳያስር የሚያልፍ ግስ። እንግሊዝኛ ላይ ሳያስር የሚያልፈው ኢንግ መስሎኝ ነው።" ልጁ ማንም ሳያሳየው የሁለት ቋንቋ ሰዋስው አነፃፅሮ ግምት ወስዷል። ግምቱ ብቻ ነው የሳተው። አማርኛ በቦዝ እያንጠለጠለ እያንጠለጠለ ሄዶ መጨረሻ ላይ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ያስራል፣ እንግሊዝኛ ግን ተከታትሎ የተሰራን ሥራ እያንዳንዱን ግስ ያስረዋል፦ "አይ ዎሽድ ማይ ፌስ፣ ድራንክ ሰም ቲ፣ ዌንት ቱ ዘ ሌክ ኤንድ ሶው ኸር።" ሁሉም ማሰሪያ ነው፣ መጨረሻው ፊት ላይ "ኤንድ" ትገባለች። "እያንዳንዱ ግስ ራሱን ችሎ ይቁም" አልኩት፣ ገባው፣ ከዛ ማታ በኋላ ያንን ስህተት ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ማለት እችላለሁ።

"ሃቭ ሲን የስተርደይ" ም እንደዛው ነው። አማርኛ "ትናንት አይቻታለሁ" ቢባል ማንንም አይቆረቁርም። እንግሊዝኛ ግን ያለቀ የጊዜ ቃል፣ የስተርደይ፣ ላስት ዊክ፣ ኢን ዘ ሞርኒንግ (ጠዋቱ ካለፈ) ካለ "ሃቭ" ን አያስጠጋም። እንዲህ አልኩት፣ ቀኑን ከጠራህ "ሃቭ" ትውጣ፣ ቀኑን ሳትጠራ "አይቻት አውቃለሁ" ለማለት ከፈለክ "ሃቭ" ትግባ።

ከዚ በኋላ የሱን እውቀት መጠቀም ጀመርኩ። ቅኔ ቤት ግስ ሲወርድ "ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል" እየተባለ በዜማ ነው አይደል፣ ያልተስተካከሉትን የእንግሊዝኛ ግሶች በሙሉ እንደዛ አስወረድኩት፣ "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ሲ፣ ሶው፣ ሲን፤ ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን"። ጀልባ እየጠበቀ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ያወርዳል። በሦስት ሳምንት ከመቶ በላይ ያዘ፣ እኔ ኮሌጅ ገብቼ እንኳን ያን ያህል በአንድ ጊዜ አልያዝኩም። ዝም ብሎ ሽምደዳ አይጠቅምም ይባላል፣ ሰንጠረዡ ላይ እኔም አይቼዋለሁ፣ ግን ግስ ማውረድ የለመደ ሰውን ይሄን መከልከል ሀብቱን መቀማት ነው፣ ሸምድዶ እዛው ማታ ወሬ ውስጥ ማስገባት ነው እንጂ ዋናው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። "ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕራይስ" ይላል፣ ከስር ያለችው "ስለ ዋጋው ተወያየን" ናት፣ "ስለ" ን አውጥቶ "አባውት" አደረጋት፣ "ዲስከስ" ግን "ስለ" ን በሆዱ ይዟት ነው የሚሄደው። "ኦልዞው ኢት ዋዝ ሬይኒንግ በት ዊ ዌንት" ይላል፣ "ምንም እንኳ ቢዘንብም ነገር ግን ሄድን" ነው፣ አማርኛ ሁለቱንም ያስራል፣ እንግሊዝኛ አንዷን ብቻ ነው የሚፈልገው። ለአንድ ደቂቃ ዞር ለማለት ሲነሳ ደግሞ "መጣሁ" ሚለውን ይዞ "አይ አም ካሚንግ" ብሎ ይሄዳል፣ እንግዳው ወዴት ነው የሚመጣው ብሎ ጀርባውን እያየ ይቀራል፣ "አይል ቢ ራይት ባክ" ነው የሚባለው።

ትልቁ ክርክራችን ግን አክብሮት ላይ ነበር። ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የኔታን "አንተ" አይልም፣ አይሞክረውም። እንግሊዝኛ ደግሞ ለሽማግሌም ለሕፃንም አንድ "ዩ" ብቻ ነው ያለው ስለው ፊቱ ተቀየረ። "እንዴት ያለ ቋንቋ ነው ታዲያ፣ አባቶችን በምን ይጠራል?" አለኝ። መነኩሴን ሲያነሳ "ዘይ ካም" ይላል፣ "አባ መጡ" ለማለት፣ እንግዳው ደግሞ ስንት ሰው ነው የመጣው ብሎ ዞሮ ያያል። በሌላ በኩል ለራሳቸው ለእንግዶቹ "ሲት ሂር"፣ "ጊቭ ሚ ሃንድረድ ብር" ነው የሚላቸው። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ በልቡ "እዚህ ይቀመጡ፣ መቶ ብር ይስጡኝ" ነው ያለው፣ አክብሮቱ ግሱ ላይ ነበረ፣ ሲሻገር ግን ወንዙ ወሰደበት። እንግሊዝኛ አክብሮቱን ግሱ ላይ አያስቀምጠውም፣ ከፊት ባሉት "ኩድ ዩ"፣ "ዉድ ዩ"፣ "ሜይ አይ" ላይ ነው። "ኩድ ዩ ሲት ሂር፣ ፕሊዝ?" ሲባል "ይቀመጡ" ሆነ ማለት ነው።

ያን ሰሞን አንድ ማታ ፊቱ በርቶ መጣ። ከዛ በፊት "ፑት ኦፍ ዩር ሹስ" እያለ ለእንግዶች ሲናገር ሰምቼ አርሜው ነበር፣ "ፑት ኦን" ማድረግ ስለሆነ "ፑት ኦፍ" ማውለቅ መስሎት ነው፣ ግን "ፑት ኦፍ" ዛሬ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው፣ ለማውለቅ "ቴክ ኦፍ" ነው ብዬ። እሱ ሆዬ ከአንድ ሰው ተውሶ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጥቷል፣ በፈረንጆቹ 1611 የታተመውን ትርጉም፣ ዘጸአት 3፥5 ን ገልጦ አስቀመጠልኝ፣ ለሙሴ "ጫማህን ከእግርህ አውጣ" የተባለበትን። እውነትም "ፑት ኦፍ ዛይ ሹስ" ነው የሚለው። "መጽሐፍ ቅዱስ ተሳስቶ ነው መምህር?" አለኝ፣ በአክብሮት ነው ያለኝ ግን ሊረታኝ ነው የመጣው።

ልክ ነህ አልኩት፣ የዛን ጊዜ እንግሊዝኛ እንደዛ ነበር፣ ቃል ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ቦታውን ቀይሯል፣ ግዕዝ ላይ ያለ ቃል አማርኛ ላይ ሌላ ነገር ሲሆን አላየህም ወይ። ከዛ እዛው መስመር ላይ ያለችውን "ዛይ" ን አሳየሁትና ሳላስበው የሱ የአክብሮት ጥያቄ መልስ አገኘ። እንግሊዝኛ ድሮ ሁለት ነበረው፣ "ዛው" ለአንድ ሰው፣ ለቅርብ፣ ለታናሽ፣ "ዩ" ደግሞ ለብዙ ሰው ነበረ፣ በኋላ ለሚከበርም አንድ ሰው ሆነ። እያደር ሰው ሁሉ ሁሉንም ማክበር ጀመረና "ዛው" ከተለመደው ንግግር ወጣች። ስለዚ ዛሬ የቀረው "አንተ" አይደለም፣ የቀረው "እርስዎ" ነው፣ የጠፋው "አንተ" ነው። በቆየው ጸሎት ውስጥ ግን እግዚአብሔር እስካሁን "ዛው" ነው የሚባለው። ዲያቆኑ ዝም ብሎ ቆየና "እኛም እግዜርን አንተ ነው የምንለው" አለ። ከዛ ቀን ጀምሮ "ዩ" ን ያለ ቅሬታ ይጠራታል። አንድ የታሪክ ፍሬ እንዲህ የልብ ቋጠሮ ሲፈታ አይቼ አላውቅም፣ ለዛ ነው ቃል ሲጠየቅ "ዝም ብለህ ያዘው" የሚል አስተማሪ የሚያሳዝነኝ።

ፈሊጣዊ ንግግሮቹ ላይ ስንደርስ ግን እኔ ራሴ መንገድ አሳትኩት። አንዲት አሮጊት ከጀልባ ስትወርድ "ካን ዩ ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ?" ብላው ደንግጦ ቆሞ ቀረ፣ እጅ ስጥ የሚባለው እኛ ጋ ለሚማረክ ሰው ነዋ፣ እሷ ግን እርዳኝ ነው ያለችው። እኔም ይሄንማ ታውቀዋለህ፣ ሰምና ወርቅ ነው አልኩት። ሰሙ እጅ መስጠት፣ ወርቁ እርዳታ። ደብተሩን ሁለት ቦታ ከፈልነው፣ "ኮስትስ አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ" ሰሙ ክንድና እግር ያስከፍላል፣ ወርቁ እሳት የሆነ ዋጋ። "ዩ አር ፑሊንግ ማይ ሌግ" ሰሙ እግሬን እየጎተትክ ነው፣ ወርቁ እየቀለድክብኝ ነው። "ኢትስ ኦን ሚ" ሲመጣማ ደስ አለው፣ "በኔ ነው" ቃል በቃል አንድ ነው፣ ሻይ ሲጋብዘኝ እስካሁን ይላታል። በሳምንት ውስጥ ሰላሳ ያህል ያዘ፣ እኔም ተዓምር የሰራሁ መሰለኝ።

ከዛ አንድ ቀን ዝናብ ይዟቸው ከእንግዶች ጋር ተጠልሎ "ዊ አር አንደር ዘ ሴም ትሪ" አላቸው። እንግዶቹ ቀና ብለው ዛፍ ፈለጉ። የተማረው "ዊ አር ኢን ዘ ሴም ቦት" ን ነበር፣ ሁላችንም አንድ ችግር ውስጥ ነን ሚለውን፣ እሱ ግን ጀልባዋን ትቶ ዋርካ አደረጋት። ለምን ስለው "የተባለ ቅኔ ይደገማል እንዴ መምህር?" አለኝ። ያኔ ነው ጥፋቴ የገባኝ። ቅኔ ቤት ውስጥ ትናንት የተባለን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፣ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ሲያወጣ ሲያወርድ የሚያድረው አዲስ ሰምና አዲስ ወርቅ ለማምጣት ነው። ፈሊጥ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ልክ ሁሉም እንደሚለው ካልተባለ ፈሊጥ አይደለም፣ ቃሉን ከቀየርከው ወርቁ ይወጣና ሰሙ ብቻ ይቀራል። "ኤ ሌግ ኤንድ አን አርም" ብለህ ብትገለብጠው እንኳን ጆሮ ይቆረቁራል። ስለዚ ምሳሌውን ቀየርኩ፣ ፈሊጥ ቅኔ አይደለም፣ ተረትና ምሳሌ ነው አልኩት። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ን "ገመድ ቢያብር ነብር ያስር" ብትል ሰው ይገባዋል፣ ግን ያገሩ ሰው አይደለህም ይልሃል። ይሄ ቶሎ ገባው። ከኛ ወደነሱ ሲሄድም እንዲሁ፣ ደረጃ መውጣት ላቃታት እንግዳ "ዩ ኤት ማይ ኢንተስቲን" ብሎ አንጀቴን በላችው ሚለውን ሊያሻግር ሞክሮ ነበር፣ "አይ ፊል ሶ ሶሪ ፎር ዩ" እንኳን በቂ ነበር።

ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ቦታ ጨመርን፣ ማን ለማን መቼ ይለዋል የሚል። ይሄ ቦታ ከሁለቱም በላይ ጠቀመ። እኛ አገር ተማሪ ሁሉ "ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ" ን፣ ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ ነው ሚለውን፣ ይወዳታል፣ የቋንቋው ባለቤቶች ግን ዛሬ ከአፋቸው ብዙ አትሰማትም፣ ብትሰማት እወቃት፣ አንተ ግን "ኢትስ ፖሪንግ" በል አልኩት። ፈሊጥ መጀመሪያ ለጆሮ ነው፣ ለአፍ የሚሆነው ጆሮ አስር ጊዜ ከሰማው በኋላ ነው፣ ይሄን እኔ ዛሬም ለሁሉም ተማሪ እላለሁ።

ያልተፈታም አለ። "ዘ" እና "ኤ" አልሆኑልንም። አማርኛ "ሐይቁ" ብሎ ከኋላ ስለሚጨርሰው፣ "ኤ" ን ደግሞ "አንድ" እያልን ስለምናልፋት፣ ከስር የምትገኝ አማርኛ የለችም። "ዘ ሌክ ጣና" ይላል፣ "ብሉ ናይል" ይላል፣ በትክክሉ ግን ሐይቅ በስሙ ሲጠራ "ዘ" የለውም፣ ወንዝ አለው፣ "ሌክ ጣና" ግን "ዘ ብሉ ናይል"። ለምን ሲለኝ ምክንያት አልሰጠሁትም፣ የቋንቋው ልማድ ነው አልኩት፣ በየቦታው ስም አንድ በአንድ ያዝናቸው። እስካሁን "ዘ ኢትዮጵያ" ያመልጠዋል።

በሳምንት ሁለት ማታ፣ አራት ወር ገደማ ነው የቆየነው። መጋቢት ላይ ጀልባ መነሻው ጋ ሄጄ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ናቸው፣ አንዷ ወደ ክብራን እያሳየች "ሶ ዊ ካንት ጎ ዜር?" አለችው። ትንሽ ዝም አለ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ፣ ግሱን እየፈለገ ነው፣ የስ እና ኖን ከማውጣቱ በፊት ግሱን እንዲያገኝ ነበር ያለማመድኩት። "ኖ፣ ዊመን ካንት ጎ ዜር። በት ዩ ካን ቪዚት ኡራ ኪዳነ ምሕረት ኦን ዘጌ።" ከዛ ሰውየው ካሜራውን አንስቶ "ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ቴክ ዩር ፒክቸር?" አለው፣ ልቤ ቆመ፣ ምክንያቱም ይቺ ደግሞ የባሰች ናት፣ "ቅር ይልሃል ወይ" ስለሆነች ፈቃድ የሚሰጠው በኖ ነው። "ኖ፣ ኖት አት ኦል" አለ። ሰውየው አነሳው።

ዛሬ ከአንድ የቆየ አስጎብኚ ጋር በረዳትነት ይሰራል፣ ሥዕሎቹን የሚያስረዳው እሱ ነው። ባለፈው ደውሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። "መምህር፣ ኢን ዘ ሴም ቦት እንላለን፣ እንግዶቹ ግን ጌት ኦን ዘ ቦት ይላሉ፣ ኸሁለቱ የቱ ነው?" ቆመህ ከወዲህ ወዲያ የምትልበት ትልቅ ጀልባ ላይ "ኦን" ነው፣ ወርደህ ጎድጓዳው ውስጥ ቁጭ የምትልበት ትንሽ ጀልባ ላይ "ኢን" ነው፣ ፈሊጧ ግን እንዳለች "ኢን" ናት አልኩት።

"ታንኳስ?" አለኝ። "ትንሽ ናት፣ ግን ደንገሉ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ውስጥ የላትም።"

"ኦን" በል አልኩት።